በበር ወይስ በመስኮት፦ ባልደረባ ባልደረባውን ለምን ይጎዳል?

ኦክቶበር 20 ቀን 2006 የፍራንስ ቴሌኮም ከፍተኛ ኃላፊዎች ፓሪስ ውስጥ ተሰብስበው ነበር (የኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዲዲዬ ሎምባር ዕቅዳቸውን ሳያድበሰብሱ ነገሯቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ 22,000 ሠራተኛ መውጣት አለበት። በመጪው ዓመት ደግሞ በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ፣ በመስኮትም ይሁን በበር፣ ይወጣል። ንግግሩ በጽሑፍ ተይዞ ነበርና ከ13 ዓመት በኋላ ዳኞች ፊት ቀረበ።

ፍራንስ ቴሌኮም እንደ እኛው ቴሌ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኖ የኖረ ድርጅት ነው። በ1997 አክሲዮኑ ለገበያ ቀረበ፤ በ2000 የእንግሊዙን ኦሬንጅ ገዛ፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ወደ 70 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ዕዳ ተሸክሞ ተገኘ። የመደበኛ ስልክ ዘመን እያለፈ ነበር፣ ሠራተኛው ግን ከመቶ ሺህ በላይ ነበር። ከዚህም የሚበዛው የመንግሥት ሠራተኛነት መብቱን እንደያዘ የቀጠለ ስለነበር በቅነሳ ማሰናበት አይቻልም ነበር። ማሰናበት ካልተቻለ የሚቀረው ሰውየው ራሱ «በቃኝ» ብሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ይህን ሎምባር በገዛ እጃቸው አልሠሩትም፤ ሊሠሩትም አይችሉም ነበር። የሠሩት ከሠራተኛው ጋር በአንድ ፎቅ የሚውሉት፣ በስሙ የሚያውቁት፣ ምሳ አብረውት የሚበሉት የክፍል ኃላፊዎች ናቸው። ወደ 4,000 የሚሆኑ ኃላፊዎች ሥልጠና ተሰጣቸው። በሥልጠናው ከቀረቡት ነገሮች አንዱ ሐዘን የደረሰበት ሰው ከመካድ ተነሥቶ፣ በቁጣና በትካዜ አልፎ፣ እስከ መቀበል የሚደርስበትን ጉዞ የሚያሳይ መስመር ነበር። ሐሳቡ መሠረቱ ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ የተባሉት ሐኪም ሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሕሙማንን አነጋግረው የጻፉት ነው። እዚህ ግን ሥራውን የሚነጠቀው ሰው ትካዜ እንደሚጠበቅ አንድ ደረጃ ሆኖ በሰሌዳ ላይ ተሳለ። ጉዳቱ ሳይታሰብ የደረሰ ነው እንዳይባል አስቀድሞ ታውቆ ነበር ማለት ነው። ከኃላፊዎቹ ደመወዝ ተለዋዋጩ ክፍል ደግሞ ስንት ሰው አስወጡ በሚለው ጭምር ይሰላ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? ዕድሜውን ምሰሶ ላይ እየወጣ መስመር ሲጠግን የኖረ ቴክኒሻን ጆሮው ላይ ማዳመጫ ተደርጎለት፣ ስክሪን ላይ የተጻፈለትን እያነበበ፣ ለደንበኛ በስልክ እንዲሸጥ ተመደበ። ሌላው መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶበት ከቤተሰቡ ርቆ ሄደ፤ ተደላደልኩ ሲል እንደገና ተዛወረ። ወንበር ኖሮት ሥራ ያልነበረውም ነበር። ውጪ ሥራ እንዲፈልግ የሚገፋፋ ኢሜይል በላይ በላዩ ይደርሰው ነበር። በ2008 እና በ2009 ብቻ 35 የድርጅቱ ሠራተኞች ራሳቸውን አጠፉ። ከእነሱ አንዱ በተወው ደብዳቤ ለሞቱ ብቸኛው ምክንያት ሥራው እንደሆነ ጽፏል። ሎምባር በ2009 ሴፕቴምበር ወር ነገሩን «ፋሽን» ብለው ጠርተውት ሕዝብ ተቆጣ፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቁ።

ፍርድ ቤቱ የ39 ሰዎችን ጉዳይ መረመረ። 19ኙ ሞተዋል፣ 12ቱ ሞክረው ተርፈዋል፣ 8ቱ በድብርት ታመዋል ወይም ከሥራ ቀርተዋል። ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ሎምባርና ሁለት የቅርብ ሹማምንቶቻቸው የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ስምንቱ ወር በገደብ ሆነ። ድርጅቱ 75,000 ዩሮ ተቀጣ፤ ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ይኸው ነበር። በ2022 የይግባኝ ሰሚው ችሎት ይግባኝ ላሉት ለሎምባርና ለምክትላቸው እስራቱን ሙሉ በሙሉ በገደብ አደረገላቸው፤ ጥፋተኝነቱን ግን አላነሣም። ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 የሰበር ችሎቱ አጸናው። ለቅጣቱ ቀላልነት ብዙ ሰው ትከሻውን ነቅንቋል። በሕግ ዓለም ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነበር፦ አንድ አለቃ አይቶት የማያውቀውን ሠራተኛ ባወጣው ፖሊሲ ብቻ ሊያንገላታ እንደሚችል፣ ይህም ወንጀል እንደሆነ የአገሪቱ የመጨረሻ ችሎት ተቀበለ።

ወደ ክፍል ኃላፊዎቹ እንመለስ። አራት ሺህ ክፉ ሰው በአንድ ድርጅት በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ ሊገኝ አይችልም። ከመካከላቸው የተጨነቁ፣ የታመሙ፣ ራሳቸው ተገፍተው የወጡ አሉ። ታዲያ በቢሮ ውስጥ የሚደርስ በደል ሲነሣ «ሰውየው ክፉ ነው» ወይም «ምቀኛ ናት» ብሎ ነገሩን መዝጋት ለምን ይቀናል? አንዱ ምክንያት እውነትነት ስላለው ነው። ክፉ ሰው አለ፤ ሥልጣን ሲያገኝ ደግሞ ይብስበታል። ሌላው ምክንያት ግን ለሁሉም የሚመች መልስ ስለሆነ ነው። ሥራውን ያደራጀው፣ ደመወዙን የመደበው፣ አቤቱታውን መሳቢያ ውስጥ የከተተው አካል ከጥያቄው ነፃ ይወጣል።

ይህን መልስ በጽኑ ከተቃወሙት ሰዎች አንዱ ጀርመን ተወልደው ስዊድን የኖሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄይንዝ ሌይማን ናቸው። በ1980ዎቹ በሥራ ቦታ ተገልለው ጤናቸው የተናጋ ሰዎችን እያነጋገሩ 45 ዓይነት ድርጊቶችን ለዩ። ዝርዝሩን ላየው ብዙው ተራ ነገር ነው፦ ሰላምታ መንፈግ፣ ንግግሩን ማቋረጥ፣ ከሌሎች ለይቶ ማስቀመጥ፣ ከችሎታው በታች የሆነ ሥራ መስጠት፣ ከኋላው ማማት። ለብቻው ተነጥሎ ቢታይ አብዛኛው ለአለቃ አቤት የሚያስብል አይደለም። ሌይማን መለኪያ ያደረጉት መደጋገሙን ነው፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር።

መነሻውስ? ሌይማን እንዳዩት አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ ያላገኘ የሥራ ግጭት ነው። ነርሶችን ምሳሌ አድርገው ያቀርባሉ። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ነርስ በአንድ በኩል የሐኪሞች፣ በሌላ በኩል የነርስ አለቆች ትእዛዝ ይደርሳታል። ሁለቱ ሳይስማሙ የታካሚው ጉዳይ እሷ ላይ ይወድቃል፤ ስሕተት ሲገኝ ደግሞ ባለቤቱ አይታወቅም። ማን ምን እንደሚሠራ ሳይለይ የሚውል ክፍል ውስጥ ጭቅጭቁ ቀስ በቀስ ከሥራው ወደ ሰው ይዞራል፤ «ይህ ለምን አልተሠራም» የነበረው «እሷ እኮ ሁልጊዜ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቢሮ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ለወራት የተገለለ ሰው ይቆጣል፤ ይጠራጠራል፤ ሁለት ሰው ሲንሾካሾክ የሱን ስም የሚያነሡ ይመስለዋል፤ ሥራ ይረሳል። አዲስ የመጣ አለቃ ይህን ሲያይ «ድሮም አስቸጋሪ ነው» የሚለውን ወሬ ያምናል። በደሉ ያመጣው ባሕርይ የበደሉ ምክንያት ሆኖ ማኅደሩ ውስጥ ይጻፋል። ስዊድን በ1993 በሥራ ቦታ የሚደርስ በደልን የሚመለከት ደንብ ስታወጣ የሌይማን ሥራ ከበስተጀርባው ነበረ።

የፍራንክፈርቱ ዲተር ሳፕፍና የኖርዌዩ ስቶለ አይናርሰን ደግሞ ዓይናቸውን በዳዩ ላይ ጣሉ። ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች ጎልቶ የሚወጣው ለራስ የተሰጠ ግምት መነካት ነው። በተለምዶ በዳይ የሚባለው ራሱን የናቀ፣ በውስጡ የሚፈራ ሰው እንደሆነ ነው። ጥናቱ ግን የሚያመለክተው ራሱን ከፍ አድርጎ ወደሚያይና ያ ግምት አደጋ ላይ የወደቀ ወደመሰለው ሰው ነው። በስብሰባ ላይ ወጣት ባለሙያ የነባሩን ስሌት ያርማል። ስሌቱ ተስተካከለ፣ ሪፖርቱም ዳነ። ነባሩ ግን ቤቱ ይዞት የሄደው የሰዉን ሳቅ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የልጁ ረቂቅ በቀይ ብዕር ተሞልቶ መመለስ ይጀምራል።

ሌላው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ነው። ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ዶላርድና ጓደኞቻቸው በ1939 ባወጡት ሥራ የፈለገውን ያጣ ሰው ቁጣው ምክንያት ወደሆነው ኃይለኛ መድረስ ሲያቅተው አቅም ወደሌለው ይዞራል ብለው ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ሐሳቡን ብዙ አርመውታል፤ ዋናው ነገር ግን አልተሻረም። ሚኒስትር የተቆጣው ዳይሬክተር ቡድን መሪውን ይቆጣል፤ ቡድን መሪው ባለሙያዋን፣ ባለሙያዋ ተላላኪዋን። ተላላኪዋ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ቁጣ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ የለም።

በደልን የሚያራባው ግን ቁጣና ኩራት ብቻ አይደለም። ሰዎች ለመልካም ዓላማ ብለው የሚዘረጉት ሥርዓት ደግ ሰዎችን ባላንጣ ያደርጋቸዋል። ማይክሮሶፍት እስከ ኖቬምበር 2013 ሠራተኞቹን በየቡድናቸው በደረጃ ይከፋፍል ነበር። አሥር ጎበዝ ሰው ያለው ቡድን እንኳ ከመካከሉ ጥቂቱን ከፍ፣ ጥቂቱን ዝቅ አድርጎ የማስቀመጥ ግዴታ ነበረበት። ጋዜጠኛው ከርት አይከንዋልድ በ2012 ቫኒቲ ፌር ላይ ባቀረበው ዘገባ የቀድሞ ሠራተኞች እንደነገሩት፣ ጎበዝ መሐንዲስ ከሌላ ጎበዝ መሐንዲስ ጋር መሥራት ይሸሽ ነበር፤ ምክንያቱም የባልደረባው ማደግ የእሱ መውረድ ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ መረጃ ለአጠገብ ሰው «ሳያስታውሱ» መቅረት ምንም ወጪ የለውም፤ እንዲያውም ያተርፋል።

እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ የሚያስታውሰው ነገር አለ። በኢሕአዴግ ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይካሄድ በነበረው ግምገማ ሠራተኛው ተሰብስቦ ባልደረባ ስለባልደረባው እንዲናገር ይደረግ ነበር። ዓላማው ድክመትን በግልጽ መነጋገር ነው። ነገር ግን ተናጋሪው የሚመዘነው በመናገሩ፣ ዝም ያለውም የሚጠረጠረው በዝምታው ሲሆን፣ የሥራ ድክመትና የቆየ ቂም በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራሉ። በማግሥቱ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይውላሉ።

«ምቀኝነት ነው» የሚለው የተለመደ ፍርድም በዚሁ ዓይን ቢታይ ይጠቅማል። በአንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የመስክ ጉዞ ዝርዝር ከወጣ በኋላ ሻይ ክበቡን ያየ ያውቀዋል። አበሉ ለብዙው ሰው የወር ቀዳዳ መሙያ ነው፤ የውጭ ሥልጠና ደግሞ በዕድሜ አንዴ የሚገኝ ዕድል። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው መስፈርት በግድግዳ ካልተለጠፈ፣ እያንዳንዱ የራሱን ማብራሪያ ይሠራል፤ «የአገሩ ልጅ ስለሆነች ነው»፣ «ወሬ እያቀበለ ነው»። ከዚያ የተላከችው ባለሙያ ተመልሳ ስትመጣ ፋይሉ አይገኝም፤ ማህተም የሚይዘው ሰው ሁልጊዜ ወጣ ብሏል፤ ስትገባ ወሬው ይቋረጣል። የቅናት ስሜት በሰው ልብ ውስጥ ያለ ነው። ወደ ሴራ የሚቀየረው ግን የሚከፋፈለው ነገር ትንሽ፣ የአከፋፈሉ ደንብ ደግሞ ድብቅ ሲሆን ነው። መስፈርቱን መለጠፍ ከስንት ምክርና ስብከት ይሻላል።

ምንም የማያደርግ አለቃስ? የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኖርዌይ ሠራተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት እንዲህ ያለው አለቃ ያለበት ቦታ በደል የሚበረክትበት ሆኖ ተገኝቷል። የማይሳደበው፣ የማይጮኸው፣ «እናንተው ተስማሙ» እያለ በሩን የሚዘጋው ጨዋ አለቃ ማለት ነው። ሰው «ደግ ናቸው፣ ማንንም አይነኩም» ብሎ ያመሰግናቸዋል። ነገር ግን አለመግባባት ሲነሣ ዳኛ ከሌለ ጉልበት ያለው ያሸንፋል፤ ጉልበት ማለትም ጓደኛ ማብዛት፣ ከላይ ዘመድ ማኖር፣ ወሬ ቀድሞ ማድረስ ነው። በአንጻሩ ለመቆጣት የፈጠነ አለቃ ቢያንስ ይታያል፤ ሊከሰስም ይችላል።

የሚያዩ ግን የማይናገሩ ባልደረቦች ነገርም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ብዙዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ተራው እንዳይደርሳቸው ይፈራሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ዝምታቸውን ለራሳቸው ለማስረዳት ሲሉ ተጎጂው ላይ ጥፋት መፈለግ ይጀምራሉ። ያኔ አንድ ሰው የጀመረው የቡድን ሥራ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የስሜት ጉዳይ ብቻ ከመሰለ፣ በ2015 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የእስራኤል ሙከራ መልስ አለው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሚያክሙ 24 የሐኪምና የነርስ ቡድኖች በአሻንጉሊት ሕፃን ላይ ልምምድ እንዲያደርጉ ተጠሩ። ሕፃኑ አንጀቱ ታሞ በድንገት ይደክማል፤ እነሱ በሽታውን ለይተው ማዳን አለባቸው። የውጭ አገር ባለሙያ እንደሚከታተላቸው ይነገራቸዋል። ለግማሾቹ ገለልተኛ ቃል ሲናገር፣ ለግማሾቹ የእስራኤል ሕክምና ጥራት እንዳላስደሰተው በቀላሉ ጣል አደረገ። ስድብ የሚባል አይደለም፣ ጩኸትም የለበትም። ሆኖም ያንን የሰሙት ቡድኖች በሽታውን በመለየትም ሆነ በሕክምናው አሠራር ከሌሎቹ አነሱ። ዋናው ምክንያት የያዙትን መረጃ እርስ በርስ መለዋወጣቸውና እርዳታ መጠየቃቸው መቀነሱ ነበር። አንዷ ነርስ ያየችውን ሳትናገር ቀረች ማለት ነው። በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ይህ ሲደርስ ዋጋ የሚከፍለው ስለቢሮው ጠብ ምንም የማያውቀው ሕፃን ነው።

የችግሩን ስፋት ለመለካት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከሎይድስ ሬጅስተር ፋውንዴሽንና ከጋሉፕ ጋር በ2021 በ121 አገሮች ወደ 75,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በወጣው ውጤት ከአምስት ሠራተኛ ከአንድ በላይ የሚሆነው በሥራ ዘመኑ ቢያንስ አንድ ዓይነት ጥቃት ወይም ትንኮሳ ደርሶበታል። ከሁሉ የበዛው በዱላ ወይም በፆታ ሳይሆን በስድብ፣ በማዋረድና በማስፈራራት የደረሰው ነበር፤ 17.9 በመቶ። ከተጎዱት መካከል ለሌላ ሰው የተናገሩት ከግማሽ ጥቂት ከፍ ይላሉ። ይኸው ድርጅት በ2019 በጉዳዩ ላይ ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዛል፤ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃትንም በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። አሠሪው ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ድርጊት የፈጸመበት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ ይችላል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን አንሥቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚፈልገው «ድርጊት» ነው፤ ሌይማን በስድስት ወር የለኩት ግን በየሳምንቱ የምትንጠባጠብ፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ ምንም የማትመስል ነገር ናት። ሰላምታ ስለተነፈገ ማን ይከሳል?

ስለዚህ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማስታወሻ ደብተር ነው፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተባለው ቃል በተባለበት አኳኋን፣ ማን እንደነበረ፣ የትኛው ደብዳቤ ሳይደርሰው እንደቀረ። በአቤቱታ ላይ «ያንገላቱኛል» ከሚለው ይልቅ «በእነዚህ ሰባት ቀኖች ስብሰባው ሳይነገረኝ ተካሄደ» የሚለው መልስ ያስገኛል። ከዚያ በላይ ያለው ሸክም የምስክር ነው። ያየው ሰው በአብዛኛው አጠገቡ የሚቀመጠው ባልደረባ ነው፤ የዚያ ባልደረባ የአፈጻጸም ነጥብ፣ የመስክ ጉዞና የዕድገት ፊርማ ደግሞ የተከሰሰው አለቃ እጅ ላይ ነው። አቤቱታ የሚያጣራ ኮሚቴ ሲቋቋም ሰብሳቢውን ያው አለቃ የሚሾመው ከሆነም ነገሩ ወደ መሳቢያው ይመለሳል።